ውርንጭላዬ ሆዱ ተነፍቶ ጎኑ ከስቷል፤ የትኛውን የትል መድኃኒት ልስጠው?

ዳንግላው፣ ጥቅምት 19 ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ማንበብ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ቸግሮኝ ነው።

አንዲት ዳማ ባዝራ አለችን። ግንቦት መጨረሻ ላይ ወንድ ወለደች፣ ገስግስ አልነው። እስከ ነሐሴ ድረስ ያየው ሁሉ የሚመኘው ነበር። አሁን አምስት ወሩ ነው፣ ግን አላማረኝም። ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፣ የጎድን አጥንቱ ደግሞ ይቆጠራል። ጠጉሩ ቆሟል፣ ወዝ የለውም። ሳል ቢጤ ጀምሮታል። ይጠባል፣ ሣርም ይግጣል፣ እንደ እኩዮቹ ግን አይፈነጭም።

ትናንት ፋንድያው ውስጥ አንድ ነጭ ትል አገኘሁ። ውፍረቱ እርሳስ ያህላል፣ ርዝመቱ ከስንዝር ያልፋል። አባቴ "ኮሶ አጠጣው" ይላል። ከተማ የእንስሳት መድኃኒት የሚሸጥ ሰው ደግሞ "አይቨርሜክቲን ልውጋልህ፣ በአንድ ቀን ጠራርጎ ያወጣዋል" አለኝ። ነገ ጠዋት ልወስደው አስቤያለሁ። ምን ትላላችሁ? እናቱንስ? ለጥር 23ቱ የአገው ፈረሰኞች በዓል አባቴ የሚጋልበው እሷን ነው።

ባለጋሪው፣ ጥቅምት 19

አይቨርሜክቲን ነው፣ አታመንታ። እኔ ቢሾፍቱ ሁለት የጋሪ ፈረስ አለኝ። በየሦስት ወሩ እሰጣቸዋለሁ፣ አለቀ።

የሰላሌ ልጅ፣ ጥቅምት 19 ሌሊት

ዳንግላው፣ ነገ ጠዋት እንዳትወስደው! ይህን ሳታነብ እንዳትተኛ።

ከሦስት ዓመት በፊት ልክ የአንተን የመሰለ ውርንጭላ ነበረኝ። ስድስት ወሩ። ሆደ ትልቅ፣ ጎነ ቀጭን። እኔም "ጠንከር ያለውን ስጡልኝ" ብዬ አሰጠሁት። ማታ ደህና ነበር። ሲነጋ ግን መሬት ላይ ይንከባለላል፣ ላብ አጥምቆታል፣ ዞሮ ጎኑን ያያል። ከሰዓት በኋላ ሞተ። ሐኪሙ ሲከፍተው ቀጭኑ አንጀት ውስጥ ትሉ እንደ ተጎነጎነ ገመድ ተጠቅጥቆ ነበር። በባልዲ ነው የወጣው። አንጀቱ አንድ ቦታ ላይ ተቀዷል።

ሁሉም ትል በአንድ ሌሊት ሽባ ሆኖ፣ ተጠቅልሎ መውጫውን ደፈነው። ሐኪሙ የነገረኝ ይህን ነው። እስከ ዛሬ ጋጣው ውስጥ ስገባ ትዝ ይለኛል።

ባለጋሪው፣ ጥቅምት 20

ኧረ! ይህንን አልሰማሁም። የኔዎቹ ምንም ሆነው አያውቁም እኮ።

ሐኪመ ፋንድያ፣ ጥቅምት 20 ጠዋት

የአንተዎቹ ትልልቅ ናቸው፣ ባለጋሪው። እሱ የያዘው ውርንጭላ ነው። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚለያየው።

ዳንግላው፣ የሰላሌ ልጅ ያለህን ስማው። የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ እንዲህ ያለ ሬሳ ከአንድ ጊዜ በላይ ከፍቻለሁ።

ያየኸው ትል የፈረስ ወስፋት ነው፣ ስሙ ፓራስካሪስ ይባላል። የሰው ወስፋት ዘመድ ነው፣ ወደ ልጆችህ ግን አይተላለፍም። ሴቷ እስከ 50 ሳንቲሜትር ትደርሳለች፣ በቀን ከ100,000 በላይ እንቁላል ትጥላለች። ውርንጭላው ግድግዳ ሲልስ፣ የእናቱን ጡት ሲፈልግ፣ መሬት ሲያሸት ያንን እንቁላል ይውጣል። እጩ፣ ማለትም ጨቅላው ትል፣ አንጀት ውስጥ ይፈለፈልና እዚያ አይቀመጥም። አንጀቱን በስቶ ወደ ጉበት ይሄዳል፣ ከጉበት ወደ ሳንባ። ከሳንባ በሳል ወደ ጉሮሮ ይወጣና እንደገና ይዋጣል። ሳሉ ከዚህ ሊሆን ይችላል። ተመልሶ አንጀት ከገባ በኋላ ነው የሚያድገው። እንቁላሉ ከተዋጠ ጀምሮ ፋንድያው ላይ አዲስ እንቁላል እስኪታይ ሁለት ወር ተኩል፣ ሦስት ወር ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ዛሬ የምታየው ትል ሐምሌ ላይ የተዋጠ ነው።

አሁን መድኃኒቱ። አይቨርሜክቲንና ፓይራንቴል ትሉን ሽባ ያደርጉታል። ትሉ ጥቂት ከሆነ ችግር የለውም። ሆዱ እንደ ከበሮ በሆነ ውርንጭላ ላይ ግን የሰላሌ ልጅ ያየው ይመጣል፣ ብዙ ጊዜም በ24 ሰዓት ውስጥ ነው የሚመጣው። ሌላም አለ። የፈረስ ወስፋት አይቨርሜክቲንን ለምዶታል። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2002 ከኔዘርላንድስ ተዘገበ፣ ከዚያ ወዲህ ከብዙ አገር ተሰምቷል። ማለትም መርፌው ወይ አንጀቱን ይደፍንብሃል፣ ወይ ጭራሽ አይሠራልህም።

ለውርንጭላ ወስፋት የምመርጠው ፌንቤንዳዞል ነው። ትሉን ቀስ ብሎ አስርቦ ነው የሚገድለው፣ ስለዚህ አወጣጡም ቀስ እያለ ነው። በአፍ፣ ለአንድ ኪሎ ክብደት 10 ሚሊግራም። ለትልልቅ ፈረሶች ሌላ ትል የሚሰጠው ግማሹን ነው፣ 5 ሚሊግራም፤ እሱን ይዘህ እንዳትሳሳት። እሱም ቢሆን ፍጹም ከአደጋ ነፃ አይደለምና ከተሰጠው በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ዓይንህን እንዳትነቅል። መጥባት ካቆመ፣ ከተንከባለለ፣ ፋንድያ ካልጣለ፣ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ጥራ።

ስለ መርፌው አንድ ነገር ልጨምር። ያ መድኃኒት ለከብት የተሠራ ነው። ፈረስ ሲወጋ ቦታው ያብጣል፣ አንዳንዴ ክፉኛ ይመግላል። ፈረስ በአፍ ነው የሚሰጠው።

አንድ ጥያቄ። ጋጣው ውስጥ አምና ውርንጭላ ነበር?

ዳንግላው፣ ጥቅምት 20

እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር፣ የሰላሌ ልጅ አንተም። መርፌውን ሰርዣለሁ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

አዎ፣ አምና አንድ ሌላ ነበር። ታኅሣሥ ላይ ሸጥነው። እሱም ሆደ ትልቅ ነበር። "ሣር በልቶ ነው" ብለን አልፈነው ነበር።

ሐኪመ ፋንድያ፣ ጥቅምት 20

በል እንግዲህ ምንጩን አገኘኸው። ሰው ሁሉ እናቲቱን ይከሳል፣ እሷ ግን ብዙ ጊዜ ንጹሕ ናት። ፈረስ ዓመት ከሞላው በኋላ ወስፋትን የሚከላከል አቅም ያገኛል። ገስግስ የወረሰው ከአምናው ውርንጭላ ነው። የወስፋት እንቁላል ቅርፊቱ ወፍራም፣ ዙሪያው ሙጫ ነው። ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ባልዲ ላይ ይለጠፋል፣ ጡት ላይ ይለጠፋል። አፈር ውስጥ ለዓመታት ይኖራል። በረኪና አይነካውም። የሚፈራው ሙቀትን ነው።

የፈረሰኛ ልጅ፣ ጥቅምት 20

ዶክተር፣ ኮሶውን ሳይነኩት አለፉት። እኛ ጋ አዛውንቶቹ ለፈረስም ይሰጡ ነበር። እንዲሁ ወሬ ነው እንዴ?

ሐኪመ ፋንድያ፣ ጥቅምት 20

አልሸሸሁም፣ ከዳንግላው አባት ጋር እንዳልጣላ ፈርቼ ነው።

ኮሶ ወሬ አይደለም። አያቶቻችን ጥሬ ሥጋ እየበሉ በየሁለት ወሩ የጠጡት በከንቱ አልነበረም። ግን የሚያወርደው ጠፍጣፋውን የኮሶ ትል ነው። ገስግስ ያለበት ድቡልቡሉ ወስፋት ነው፣ ሁለቱ በዘርም አይገናኙም። ለ100 ኪሎ ውርንጭላ ስንት ጭብጥ እንደሚበቃ፣ ከስንት በኋላ እንደሚመርዝ የለካ የለም። ሰውን እንኳ አንጀቱን አጥቦ ያደክመዋል፣ ይህን ከሲታማ አስቡት። አባትህን "ዶክተሩ ኮሶን አልናቀም" በልልኝ።

ቨርጂኒያ በረት፣ ጥቅምት 21

ሰላም ወገን። እኔ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ፈረስ እርሻ ላይ ነው የምሠራው። ስምንት ዓመቴ ነው። ባለጋሪው "በየሦስት ወሩ" ያለው ስላላስቻለኝ ነው የገባሁት።

እኛ እርሻ ላይ ትልቅ ፈረስ ፋንድያው ሳይታይ መድኃኒት አይሰጠውም። በአንድ ግራም ፋንድያ ውስጥ ስንት የትል እንቁላል እንዳለ ይቆጠራል። ከ200 በታች ከሆነ ይታለፋል። ከ500 በላይ ከሆነ ይሰጠዋል። መሀል ያለው ላይ ሐኪሙ ይወስናል። ከመንጋው 20 በመቶ የሚሆኑት ፈረሶች ናቸው 80 በመቶውን እንቁላል የሚያራግፉት። የተቀሩት ንጹሕ ናቸው ማለት ይቻላል። ለሁሉም በየሦስት ወሩ ስታጠጣ መድኃኒቱን የለመደውን ትል እየመረጥክ ታረባለህ። ቀሽም አሠራር ነው።

ባለጋሪው፣ ጥቅምት 21

ቀሽም? አንተ ወንድሜ እዚያ ሆነህ ፋንድያ ታስቆጥራለህ። እኔ ፈረሴ አንድ ቀን ከቆመ የልጆቼ እራት ነው የሚቆመው። አረንጓዴ መስክ ላይ የሚቦርቅ ፈረስ አይደለም የያዝኩት። አስፋልት ላይ ጋሪ የሚስብ ነው። ደግሞ ትልቁ ፈረሴ ወፍራም ነው፣ መጥተህ እይ።

ቨርጂኒያ በረት፣ ጥቅምት 21

ይቅርታ ወንድሜ፣ ቃሉ ከበደ። ልሰድብህ አልነበረም።

ሐኪመ ፋንድያ፣ ጥቅምት 21

ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዛችኋል።

ባለጋሪው፣ መጀመሪያ አንድ ጥያቄ መልስልኝ። የምትሰጠውን መጠን በምንድነው የምትወስነው?

ባለጋሪው፣ ጥቅምት 21

አንዱን ገዝቼ ለሁለቱ አካፍላለሁ። አንዱ ትንሽ ከሳ ይላል፣ ለሱ ጨመር አደርግለታለሁ።

ሐኪመ ፋንድያ፣ ጥቅምት 21

ይኸው! ትል መድኃኒት የሚለምደው እንዲህ ነው። ግማሽ መጠን ደካማውን ትል ይገድላል፣ ብርቱውን ያስተምረዋል። ብሩም ይባክናል።

የልብስ ሰፊ ሜትር ተዋስ። የደረቱን ዙሪያ ከክንዱ ኋላ ለካ። ርዝመቱን ከትከሻው ጫፍ እስከ ቂጡ አጥንት ጫፍ ለካ። ሁለቱም በሳንቲሜትር። ዙሪያውን በራሱ አባዛው፣ በርዝመቱ አባዛው፣ ለ11,880 አካፍለው። ዙሪያው 145፣ ርዝመቱ 135 ከሆነ 239 ኪሎ ገደማ ይወጣል። አይቨርሜክቲን በኪሎ 0.2 ሚሊግራም ነውና 48 ሚሊግራም ያስፈልገዋል ማለት ነው። ይህ ቀመር ለትልቅ ፈረስ ነው፤ ዳንግላው፣ ለገስግስ አትጠቀምበት፣ አንተ ሚዛን ፈልግ።

ቨርጂኒያ በረት ደግሞ ያልነገርከን አለ። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ የፈረስ ትል መድኃኒት ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሸጥ ከለከለች። ቆጥረው ብቻ ሲሰጡ ቆዩ። ከዓመታት በኋላ ጠፍቷል የተባለው ትልቁ የደም ትል፣ ስትሮንጋይለስ ቩልጋሪስ የሚሉት፣ ቆጥረው ብቻ በሚሰጡ በረቶች ላይ በዝቶ ተገኘ። ይህ ትል እጩ ወደ አንጀት ደም የሚወስደው የደም ሥር ውስጥ ይገባል። እዚያ ወራት ይቀመጣል። ሥሩን ያሳብጠዋል፣ ደሙ ይረጋል፣ የረጋው ተቆርሶ ሲሄድ አንጀቱ ደም አጥቶ ይሞታል። ባለጋሪዎች "ቁርጠት ገደለው" ከምትሏቸው ውስጥ ስንቱ በዚህ እንደሚሄድ ሬሳ የከፈተ ያውቀዋል። እጩ ጥፋቱን ሲሠራ ደግሞ ፋንድያው ላይ እንቁላል የለም። ስድስት ወር ያህል ካለፈ በኋላ ነው የሚታየው። ያኔም ቢሆን እንቁላሉ ከዘመዶቹ፣ ከትንንሾቹ ስትሮንጋይል ከሚባሉት ትሎች፣ እንቁላል በማይክሮስኮፕ አይለይም።

እኛ አገር ይህ ትል መች ጠፍቶ ያውቃል? ስለዚህ የቨርጂኒያውን ቆጠራ እንዳለ አንቀዳውም። የኔ ሐሳብ ይህ ነው። ትልቅ ፈረስ ሁሉ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ በሙሉ መጠን ይሰጠው፣ ክረምት ሲወጣ አንዱ ይሁን። ከዚያ ውጭ የሚሰጠው በቆጠራ ይሁን። ባለጋሪው፣ እዚያው ከተማህ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ። ፋንድያ ይዘህ ሂድና ጠይቅ።

ወሎዬው፣ ጥቅምት 22

ስለ አይቨርሜክቲን ካነሳችሁ፣ ይህ ቀበሌ የሚታደለው ሜክቲዛን የሚባለው ኪኒን ራሱ ነው አይደል?

ሐኪመ ፋንድያ፣ ጥቅምት 22

ራሱ ነው። ዳንግላው ሰፈር አካባቢ በደንብ ያውቁታል። ከሰው በፊት እኮ ፈረስ ነው የቀመሰው። ዊልያም ካምቤል የሚባል ተመራማሪ መድኃኒቱ ፈረስ ቆዳ ውስጥ ያሉትን ኦንኮሰርካ የሚባል ትል እጮች እንደሚገድል አየና "ሰውን ለሚያሳውረው ኦንኮሰርካስ?" ብሎ ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ2015 ከሳቶሺ ኦሙራ ጋር ኖቤል ተሸለመበት። ግን የቀበሌውን ኪኒን ለፈረስ የሚሰጥ፣ የፈረሱን ለራሱ የሚውጥ እንዳላይ።

ዱባይ ጋጣ፣ ጥቅምት 22

እኔ ዱባይ የእሽቅድምድም ፈረስ ነው የምጠብቀው። እዚህ በረሃ ስለሆነ የሣር ትል ብዙም የለም፣ እጩ ደርቆ ያልቃል። ውርንጭላዎቹ ግን ወስፋት ይይዛቸዋል፣ ጋጣ ውስጥ ነዋ። ዶክተሩ ግድግዳ ያለው ትክክል ነው። እኛ ባዝራ ከመውለዷ በፊት ክፍሉን በእንፋሎት ነው የምናጥበው። ጡቷንም በሞቀ ውኃ እናጥባለን።

ዳንግላው፣ ጥቅምት 25

ሰላም። ዜና አለኝ።

እኛ ወረዳ ክሊኒክ ማይክሮስኮፑ ተበላሽቷል። እኔ ግን ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ የሚያስተምር ጓደኛ አለኝ። ፋንድያውን በፌስታል ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ጥበቃው "ምንድነው?" አለኝ። "ናሙና" አልኩት። አሸተተና አሳለፈኝ።

ጓደኛዬ ውኃ ውስጥ ጨው ጨመረ፣ ጨመረ፣ ከሥር መቅረት እስኪጀምር። ፋንድያውን በዚያ ውኃ በጥብጦ በወንፊት አጠለለ። ጠባብ ብልቃጥ እስከ አፉ ገደፍ ሞልቶ ስስ መስታወት ከደነበት። ከአሥር ደቂቃ በኋላ መስታወቱን አንስቶ አየው። እንቁላሉ ወደ ላይ ይንሳፈፋል ለካ! ክብ፣ ቡናማ፣ ዙሪያው ወፍራም። እንደ ጤፍ ተበትኗል። የእናቱን ስናይ ደግሞ ሞላላ፣ ስስ ቆዳ፣ ግራጫ ነው። ተማሪዎቹ ተሰብስበው ተራ እየያዙ አዩት።

ሚዛን አላችሁኝ። እህል ነጋዴው ባስኩላ ላይ አቆምነው። መጀመሪያ እምቢ አለ፣ እናቱን ፊት ለፊቱ ስናቆም ወጣ። 96 ኪሎ። በኪሎ 10 ሚሊግራም 960 ሚሊግራም ይመጣል። ያገኘሁት ፈሳሹ ባለ 10 በመቶው ነው፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ሚሊግራም። ስለዚህ 9.6 ሚሊ። ዶክተር፣ ልክ ነኝ?

ሐኪመ ፋንድያ፣ ጥቅምት 25

ልክ ነህ። ጓደኛህን ሰላም በልልኝ፣ ላቦራቶሪ ሠርቷል። ክቡ ወስፋት ነው፣ የእናቲቱ ሞላላው ስትሮንጋይል ነው። ብዛቱን ለማወቅ ግን መቁጠሪያ መስታወት ያስፈልጋል። ባሕር ዳር የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ፣ ሰው ሲሄድ ላክ። ፋንድያው ትኩስ ይሁን፣ አየር ሳይኖረው ታስሮ በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። ካልሆነ እንቁላሉ መንገድ ላይ ይፈለፈላል።

የጨው ውኃ የማያሳይህ አንድ አለ። የጉበት ትል እንቁላል ከባድ ስለሆነ ይሰምጣል። ረግረግ መስክ ላይ የሚግጥ ፈረስና አህያ እንደ በጉ ይያዛል። አይቨርሜክቲንም ፌንቤንዳዞልም ለሱ አይበቁም። ላቦራቶሪው ዝቃጩን እንዲያይልህ ንገራቸው።

ሲሪንጁን ያለ መርፌ በአፉ ጥግ አስገባ፣ ምላሱ ላይ ወደ ኋላ። አፉ ውስጥ ሣር እንዳይኖር። ጠዋት ስጠው፣ ቀኑን ሙሉ እንድታየው።

ዳንግላው፣ ጥቅምት 26

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሰጠሁት። ግማሹን ሊተፋብኝ ነበር። አሁን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ይጠባል። እኔ ግን ምሳ አልበላሁም።

የሰላሌ ልጅ፣ ጥቅምት 26

ሌሊቱንም ተነስተህ እይ።

ዳንግላው፣ ጥቅምት 28

ሌሊቱን አባቴ ነው ጋጣ ውስጥ ያደረው፣ ጋቢውን ተከናንቦ። እኔን "ሂድ ተኛ" አለኝ።

በሁለተኛው ቀን ትሉ መውጣት ጀመረ። ዛሬ ጠዋት ብቻ 31 ቆጠርኩ። የሞቱም የሚላወሱም አሉ። አባቴ ዱላውን ተደግፎ ሲያያቸው ቆየና "ይሄ ሁሉ እዚህች ሆድ ውስጥ?" አለ። ስለ ኮሶ ምንም አላለም።

የፈረሰኛ ልጅ፣ ጥቅምት 28

ተመስገን! አባባን ሰላም በላቸው።

ባለጋሪው፣ ጥቅምት 28

ተመስገን ነው። ያ ፋንድያ ግን የት ተጣለ?

ዳንግላው፣ ጥቅምት 28

እንደ ሁልጊዜው ጓሮ፣ እሱ የሚግጥበት መስክ ዳር።

ሐኪመ ፋንድያ፣ ጥቅምት 28

ባለጋሪው፣ ይህችን ጥያቄ ከኔ ቀድመህ ስለጠየቅህ ቡና ይገባሃል።

ዳንግላው፣ ዛሬውኑ አንሳው። እያንዳንዷ ትል ሆዷ እንቁላል ሙሉ ነው። ጉድጓድ ቆፍርና ከጭድና ከቅጠል ጋር ከምረው፣ በየሳምንቱ አገላብጠው። መሀሉ እጅ እስኪያቃጥል ሲግል እንቁላሉ ይሞታል። ጥሬውን ፋንድያ ውርንጭላ የሚግጥበት ሣር ላይ አትበትን።

ጋጣውን ወለሉን ጠርገህ አንድ ጣት ያህል አፈር ገፈህ አውጣ፣ አዲስ ደረቅ አፈር አልብስ። ግድግዳውን ውርንጭላው እስከሚደርስበት ድረስ በፈላ ውኃ እጠብ፣ ከዚያ እንደገና ምረገው። ድርቆሹን መሬት ላይ አትጣልለት፣ ግርግም ከፍ አድርግለት። ፋንድያውን ከጋጣ በየቀኑ፣ ከመስክ በሳምንት ሁለት ጊዜ አንሳ። የወስፋት እንቁላል ከወደቀ በኋላ ለመያዝ የሚበቃው በአሥር ቀንና በሁለት ሳምንት መሀል ነው። የስትሮንጋይሉ ደግሞ በሞቃትና እርጥብ ጊዜ ሳምንት ይበቃዋል። ከዚያ በፊት ከተነሳ ጨዋታው አለቀ። ከየትኛውም መድኃኒት በላይ የማምነው አካፋን ነው።

መስኩ ላይ ላምና በግ አሰማራ። የፈረስን የስትሮንጋይል እጭ ላም ስትውጠው ይሞታል። አህያ ግን አይረዳህም፣ ትሉ አንድ ነው። ሥራ ላይ ያሉ አህዮች ሲመረመሩ ስትሮንጋይል የሌለበት ማግኘት ብርቅ ነው። አህያ ደግሞ የሳንባ ትል ሳያስል ይሸከምና ለፈረስ ያቀብላል። የገስግስ ሳል ትሉ ከወጣ በኋላም ካልተወው፣ አህዮቻችሁን እንጠረጥራለን።

ጎጃሜ ቡላ፣ ኅዳር 2

መሀል ልግባ፣ አጭር ነው። ፈረሴ ጭራውን ግድግዳ ላይ እያሻ ጠጉሩን ጨረሰው። ደግሞ የፊት እግሩ ጠጉር ላይ ቢጫ ቢጫ ነገር ተለጥፏል፣ ሩዝ አይሉት ሰሊጥ።

ሐኪመ ፋንድያ፣ ኅዳር 2

ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ጭራው የመቀመጫ ትል ሊሆን ይችላል። ሴቷ ወጥታ ፊንጢጣው ዙሪያ እንቁላሏን ትለጥፋለች፣ ያሳክከዋል። በስኮች ፕላስተር ነካ አድርገህ አንሳና በማይክሮስኮፕ ይታይልህ። በየቀኑ በእርጥብ ጨርቅ ጥረግለት፣ ጨርቁን አቃጥል። ቢጫው የዝንብ እንቁላል ነው። ፈረሱ ሲልሰው እጩ ጨጓራው ላይ ተጣብቆ ወራት ይኖራል። በምላጭ ፋቅለት፣ ወይም በሞቀ ውኃ እሸው። ጨጓራ ውስጥ ለገባው አይቨርሜክቲን ይሠራል።

ዳንግላው፣ ኅዳር 12

ባሕር ዳር የላክነው መጣ። ገስግስ ከመድኃኒቱ በፊት በግራም 1,150 የወስፋት እንቁላል ነበረው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ዜሮ። እናቱ 850 ስትሮንጋይል። የጉበት ትል አልተገኘም። ለእናቱ በሜትር ለክቼ አይቨርሜክቲን በአፏ ሰጠኋት። ሳሉ ትቶታል።

ሐኪመ ፋንድያ፣ ኅዳር 12

ዜሮ መሆኑ መድኃኒቱ እንደሚሠራላችሁ ነገረን። የሷንም ከሁለት ሳምንት በኋላ አስቆጥር። ገስግስን ጡት ሲጥል እንደገና እናየዋለን፤ ያኔ ስትሮንጋይል ሊጀምረው ይችላል፣ መድኃኒቱም ይለያል።

ባለጋሪው፣ ታኅሣሥ 6

ቨርጂኒያ በረት፣ ይህችን አንተ ስማት። ኮሌጁ ሄጄ አስቆጠርኩ። ትልቁ፣ ወፍራሙ፣ የምኮራበት፣ 1,400። ከሲታው፣ "ትል በልቶታል" እያልኩ የምጨምርለት፣ 50። ከሲታው ጥርሱ ነው ለካ ችግሩ፣ ተሞረደለት። ለአምስት ዓመት ለተሳሳተው ፈረስ ሳጠጣ ኖሬያለሁ።

ቨርጂኒያ በረት፣ ታኅሣሥ 6

ሃሃ፣ እኛም ጋ ወፍራሞቹ ናቸው ጉድ የሚያደርጉን። ትል ያለበት ትልቅ ፈረስ ከውጭ አይታወቅም።

ዳንግላው፣ ጥር 24

ትናንት እንጅባራ ነበርን። ባዝራዋ በነጭ ግላስ አምራ፣ አባቴ ካባውን ደርቦ። ዕድሜው 67 ነው፣ ማንም አልቀደመኝም ይላል። ሁለት ሰው ሲቀድመው አይቻለሁ፣ ዝም ብያለሁ።

ገስግስን ቤት አስረነው ነበር። ሲነጋ ስትሄድበት ሲጮህ ነበር። እህቴ እንደነገረችኝ ገመዱን በጠሰ፣ አጥሩን ጥሶ ወጣ፣ መንገድ ላይ ነው በሰው ብዛት የተያዘው። የጎረቤትን ጎመን ረግጦ አልፏል። ዛሬ ካሳ እየተደራደርን ነው።

ሐኪመ ፋንድያ፣ ጥር 24

ለጎመኑ መድኃኒት የለኝም። የካቲት መጨረሻ ዘጠኝ ወሩ ነው፣ ፋንድያውን ለባሕር ዳር ላክና ውጤቱን እዚሁ ጻፍልን። በፌስታል ሳይሆን ጓንት ገልብጠህ አንሳው፣ ጥበቃውም ይገላገላል።